ጠያቂ የሞላበት ቤት

የዛሬ ሦስት ዓመት ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ስመለስ የግራ ባቴ አበጠ። መስኮት ዳር ተቀምጬ መንገዱን ሙሉ አልተነሳሁም ነበር። የበረራ ድካም ነው ብዬ ተውኩት። በአራተኛው ቀን ደረጃ ስወጣ ትንፋሽ አጠረኝ። ሆስፒታል ስደርስ እግሬ ውስጥ የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባዬ ገብቷል።

ተመስገን፣ ተረፍኩ። ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ግን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ደም ማቅጠኛ ክኒንና የቀጠሮ ወረቀት ይዤ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለችው ቤቴ ገባሁ። ሌሊት ደረቴን ይዤ እቀመጣለሁ። ትንሽ ውጋት ከተሰማኝ “ተመለሰብኝ” እላለሁ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ መታመሜን እንኳ አያውቅም።

አንዲት ነርስ ናት በወር አንዴ የሚገናኙ ሕመምተኞች እንዳሉ የነገረችኝ። ሄድኩ። ዘጠኝ ሰው ወንበር ላይ ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል የከባድ መኪና ሹፌር አለ። ጉልበታቸውን ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ የታመሙ አዛውንት አሉ። የወሊድ መከላከያ ክኒን ስትወስድ ደም የረጋባት ወጣት አለች። ተራዬ ሲደርስ “መተኛት እፈራለሁ” አልኩ። ወጣቷ “እኔም ስድስት ወር መብራት አላጠፋሁም” አለችኝ። ያን ሌሊት ተኛሁ።

አሜሪካ ውስጥ በዓመት እስከ 900,000 ሰው ደም ይረጋበታል ተብሎ ይገመታል። ከ60,000 እስከ 100,000 የሚሆነው ይሞታል። ያም ሆኖ ለረጅም ጊዜ ብዙ የማይወራለት በሽታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ዴቪድ ብሉም ኢራቅ ውስጥ ጦሩን ተከትሎ ሲዘግብ በዚሁ ሕመም ሞተ። ገና 39 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ሜላኒ ሐዘኗን ይዛ ሰውን ለማስጠንቀቅ አደባባይ ወጣች። በዚያው ዓመት ዛሬ ብሔራዊ የደም መርጋት ኅብረት የሚባለው የሕመምተኞች ማኅበርም ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ደግሞ ኦክቶበር 13፣ በእኛ ጥቅምት 3 ግድም፣ የደም መርጋት ቀን ሆኖ በዓለም ዙሪያ ይታሰባል።

አምና አገር ቤት ስሄድ የአክስቴ ልጅ አራስ ነበረች። በሦስተኛ ሳምንቷ እግሯ አብጦ ሆስፒታል ገብታ፣ ደም ረግቶ ተገኝቶባት መድኃኒት ጀምራለች። ከወለዱ በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ለዚህ ሕመም በጣም አስጊ ናቸው። ቤቱ በጠያቂ ሞልቷል። ገንፎው፣ አጥሚቱ፣ ምርቃቱ አያልቅም። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ሆኜ የናፈቀኝ ይሄ ነው። እዚህ ማንም ብቻውን አይታመምም።

ግን ምክሩስ? አንዷ “ብርድ ነው ልጄ፣ ሙቅ ውሃ ንከሪው” ይላሉ። ሌላው “ወጌሻ ይሽሽ” ይላሉ። ደም የረጋበት እግር ሲታሽ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ እንደሚችል የሚያውቅ የለም። አንዲት እናት “መድኃኒቱ ወተትሽን ይመርዘዋል፣ ተይው” አሏት። ሐኪሙ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ እየወሰደች ማጥባት እንደምትችል ነግሯታል። እሷ ግን ለእኔ በሹክሹክታ “ሁለት ቀን አልዋጥኩትም” አለችኝ። ደነገጥኩ። ሁሉም ከልቡ ይወዳታል፤ ሕመሟን ያለፈበት ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል አልነበረም።

የጎመኑም ነገር አለ። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው በየጊዜው አይኤንአር የሚባል፣ ደሙ ምን ያህል ቶሎ እንደሚረጋ የሚያሳይ የደም ምርመራ ያደርጋል። ለአብዛኛው እንደሷ ላለ ሕመምተኛ ቁጥሩ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። ጎመንና ቆስጣ ደም እንዲረጋ የሚረዳ ቫይታሚን ኬ አላቸው። መድኃኒቱ ደግሞ ሥራው ይህን ቫይታሚን መቃወም ነው። ስለዚህ በፍስክ ጎመን የማይነካ ሰው ጾም ሲገባ በየቀኑ ከበላው ቁጥሩ ይወርዳል፤ ደሙ ቶሎ ይረጋል ማለት ነው። መፍትሔው ጎመን መተው አይደለም። መጠኑን ሳይለዋውጡ መብላትና አመጋገብ ሲቀየር ለሐኪም መናገር ነው። ጾመኛ በሞላበት አገር ይህ የቡና ወሬ መሆን ነበረበት።

ለምርመራ አብሬያት ሄድኩ። ተራ እየጠበቅን አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። አጠገባችን የልብ በር (ቫልቭ) የተቀየረላቸው አንድ ጋሼ ነበሩ። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ዋርፋሪን አቋርጠው አያውቁም። ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። ቀን፣ የክኒን መጠን፣ ቁጥር፣ ሁሉም ተጽፏል። “ማታ በአንድ ሰዓት ነው የምውጠው። ጥርስ ከማስነቀሌ በፊት እናገራለሁ። ለራስ ምታትም ቢሆን ሳልጠይቅ ምንም አልወስድም” አሏት። ከዚያ “ልጅሽን አጥቢ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?” አሏት። ፊቷ ሲፈታ አየሁት።

ያ አግዳሚ እኮ ማኅበር ነው! የጎደለው ስምና ቀን ብቻ ነው። ነገሩ ደግሞ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሰዎች፣ መገለሉ በከፋበት ዘመን፣ ተስፋ ጎህና መቅድም የተባሉ ማኅበራትን አቋቁመው እርስ በርስ ተደጋግፈዋል። ዕድራችን ስንሞት ይደርስልናል። በሕይወት ሳለን የሚደርስልንም ያስፈልገናል።

እኛ ውጭ ያለነውም ሕመም እንደብቃለን። በዚያ የአሜሪካኖች ክብ ውስጥ ሐበሻ እኔ ብቻ ነበርኩ። በኋላ አፍ አውጥቼ ሳወራ ግን፣ ቤተ ክርስቲያን ለዓመታት ቡና አብረን ከምንጠጣው ውስጥ ሦስቱ ደም ማቅጠኛ ይወስዳሉ። አሁን በወር አንድ ቅዳሜ በአማርኛ እንገናኛለን። ሕጋችን ትንሽ ነው። እዚያ የተወራ እዚያው ይቀራል። ማንም የማንንም መድኃኒት አይቀይርም። ማንም ምንም አይሸጥም። አንድ ፋርማሲስት እህታችን እየመጣች ጥያቄያችንን ትመልሳለች።

የአክስቴ ልጅም ከጋሼና ከሌሎች ሁለት ሴቶች ጋር ስልክ ተለዋውጣ ነበር። ባለፈው ወር እሷ ቤት ቡና ተፈላ። ሰባት ሰው መጣ። ብዙ ሰዓት መቀመጥ ስለማይበጃቸው፣ ከአቦልና ከቶና መሃል ሁሉም ተነስተው ግቢውን ሁለት ጊዜ ዞሩ። ሕፃኑን ጋሼ ይዘውት ነበር አለችኝ።