«ገበያው ዛሬ እንዴት ዋለ?» ብሎ የጠየቀኝ ወንድሜና እኔ

ትናንት ታናሽ ወንድሜ «የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ዛሬ እንዴት ዋለ?» ሲል ጠየቀኝ። መልሱ «ወጣ» ወይም «ወረደ» የሚል አንድ ቃል መሆን ነበረበት። ስልኬን አውጥቼ የትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቁጥር የሚያጠቃልለውን ዳው ጆንስን ስፈልግ ግን አንደኛው ገጽ ከአረንጓዴ ቀስት ጋር አንድ ቁጥር አሳየኝ፤ ሁለተኛው በዚያው ስም ሌላ ቁጥርና ቀይ ቀስት ደቀነብኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ የእነዚህን አንድ መቶኛ ብቻ የሚያህል ቁጥር ይዞ ብቅ አለ። የኋላ ኋላ እንደ ተረዳሁት የመጀመሪያው ኢንዴክሱ (የአክሲዮኖቹን ዋጋ የሚያጠቃልለው ቁጥር) ራሱ፣ ሁለተኛው በኢንዴክሱ ላይ የሚካሄድ የፊውቸርስ ውል (ወደፊት ለሚፈጸም ግብይት ዛሬ ዋጋ የሚቆረጥበት ውል) ዋጋ፣ ሦስተኛው ደግሞ ኢንዴክሱን እየተከተለ እንደ አክሲዮን የሚሸጥ የፈንድ (የብዙ ሰዎችን ገንዘብ ሰብስቦ አክሲዮን የሚገዛ ተቋም) ድርሻ ነበር። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። ቁጥሩን በትልቁ ጽፎ የምን ቁጥር እንደሆነ መናገር የሚከብደው ገጽ ማንን ለመርዳት እንደ ተሠራ አይገባኝም።

እሺ፣ ኢንዴክሱን አገኘሁት እንበል። ከቁጥሩ በታች፣ ዓይን ካላጠበቡ በማይነበብ ግራጫ ጽሑፍ፣ ዋጋው በ15 ደቂቃ የዘገየ መሆኑ ተገልጿል። አጠገቡ ሰዓት አለ፤ የኔ ሰዓት ይሁን የኒው ዮርክ ግን አይታወቅም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግራፉ ነው። መስመሩ ከጠዋት እስከ መዝጊያ ቁልቁል ይንሸራተታል፤ ቀስቱ ግን አረንጓዴ ሆኖ ሽቅብ ያመለክታል። ገጹ ተሳስቷል ብዬ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ ከፈትሁት። ለካ መስመሩ የሚነሣው ዛሬ ከተከፈተበት ዋጋ ሲሆን፣ ቀስቱ የሚያወዳድረው ከትናንቱ መዝጊያ ጋር ኖሯል። ገበያው ከትናንቱ መዝጊያ ከፍ ብሎ ተከፍቶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲወርድ ውሎ፣ ከትናንቱ ጥቂት በልጦ ሊዘጋ ይችላል። ታዲያ ለወንድሜ ወጣ ልበለው ወይስ ወረደ?

ወደ ነጥቡ ልምጣ፤ ማለቴ «ነጥብ» ወደሚባለው ነገር። የኢንዴክስ ነጥብ ዶላር አይደለም፤ ሆኖም ዶላር ብለው የሚያነቡት ዜና አቅራቢዎች እንኳ አጋጥመውኛል። ዳው ጆንስ እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2018 በ1,175 ነጥብ ሲወድቅ እስከዚያ ድረስ በአንድ ቀን ከታየው የነጥብ ቅናሽ ሁሉ የሚበልጠው ተብሎ ተዘገበ፤ በመቶኛ ሲሰላ ግን 4.6 ብቻ ነበር። ኦክቶበር 19 ቀን 1987 የወደቀው 508 ነጥብ ነው፤ ያ ግን 22.6 ከመቶ ነበር። መቶኛውን በቅንፍ ደብቆ ነጥቡን በርዕስ የሚያስጮኽ ሰው አንባቢውን ማስደንገጥ እንጂ ማሳወቅ አልፈለገም።

የኢንዴክሶቹን ቁጥር እርስ በርስ ማወዳደርም ከንቱ ነው። 500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን የሚከተለው ኤስ ኤንድ ፒ 500 የሚለካው የ1941–1943 አማካዩ 10 ተብሎ ተወስዶ ነው፤ በናስዳክ ገበያ የሚሸጡ አክሲዮኖችን የሚያጠቃልለው ናስዳክ ኮምፖዚት በ1971 ከ100፣ የለንደኑ ፉትሲ 100 ደግሞ በ1984 ከ1,000 ጀመሩ። ዳው ጆንስማ የራሱ ዓለም ነው። ቻርልስ ዳው በ1896 ሲጀምረው የ12 ኩባንያዎችን የአክሲዮን ዋጋ ደምሮ ለ12 ያካፍል ነበር። ዛሬ ኩባንያዎቹ 30 ናቸው፤ አካፋዩ ግን አንዱ አክሲዮን ዋጋው ወደሚያንስ ብዙ አክሲዮን በተከፋፈለና ኩባንያዎች በተተኩ ቁጥር እየተስተካከለ ከ0.2 በታች ወርዷል። በ30 ሳይሆን ከአንድ በሚያንስ ቁጥር እናካፍላለን ማለት ነው! ስለዚህ የአንዱ አክሲዮን 400 ዶላር፣ የሌላው 100 ዶላር ከሆነ፣ ኩባንያው ትንሽም ቢሆን የመጀመሪያው አራት እጥፍ ይመዝናል።

የፍራንክፈርቱ ዳክስና የፓሪሱ ካክ 40 ደግሞ ሁለቱም በ1987 መጨረሻ ላይ 1,000 ተብለው ተነሡ። ዛሬ ዳክስ ጥሎት ርቆ ሄዷል። የጀርመን ኩባንያዎች ምን ያህል ቢበልጡ ነው ብዬ ስደነቅ ከረምሁ፤ የልዩነቱ አንድ ትልቅ ምክንያት ግን ዳክስ ኩባንያዎች ለባለአክሲዮኖች የሚከፍሉትን የትርፍ ድርሻ አክሲዮን እንደ ተገዛበት እየቆጠረ መደመሩ፣ በተለምዶ የሚጠቀሰው ካክ 40 ደግሞ ይህን አለማድረጉ ነው። የዋጋ ገጹ ይህን አይነግርም። በጃፓንና በቻይና ቀይ መውጣትን፣ አረንጓዴ መውረድን እንደሚያመለክት ደግሞ ራሴን ሳሳስት ነው የተማርሁት።

ቁጥሩ ራሱ ቢሳሳትስ ማን ያውቃል? የቫንኩቨር የአክሲዮን ገበያ ኢንዴክስ በ1982 መጀመሪያ ከ1,000 ተነሥቶ እስከ ኖቬምበር 1983 ድረስ ወደ 524 ግድም ወረደ። ምክንያቱ የገበያው መውደቅ አልነበረም። ኮምፒውተሩ ኢንዴክሱን ባሰላ ቁጥር ከሦስተኛው አሥርዮሽ ቀጥለው ያሉትን አኃዞች ሳያጠጋጋ ቆርጦ ይጥል ስለ ነበር ነው። ሲታረም ከ1,098 በላይ ሆነ።

ለወንድሜ በመጨረሻ ዳው ጆንስን ትቼ እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት፦ «ኤስ ኤንድ ፒ 500 ከትናንቱ መዝጊያ በ0.3 ከመቶ ከፍ ብሎ ተዘግቷል፤ ይህ የመጨረሻው ዋጋ ነው፤ የትርፍ ድርሻ አልተደመረበትም።» ከስንት ገጽ ያጣሁት ይህን አንድ መስመር ነበር። እሱም «ይህን ለመጻፍ ነው አንድ ሰዓት የፈጀብህ?» ሲል መለሰልኝ።