አበሉን ተዉትና ታንኳ ሠሪዎቹን ጠይቁ

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ለሰላም፣ ለሰብዓዊ መብትና ለማኅበራዊ ፍትሕ የሚሠራ አንድ በጎ አድራጎት ድርጅትን ሥልጠና በመስጠቱ ያመሰግናል። ደግ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ሥልጠና ላይ ሁለቴ ተቀምጫለሁ (የማን እንደነበር ይቅር)። አዳራሹ ጣና ሐይቅ ዳር ነው። ከሻይ ዕረፍት በኋላ ግማሹ ሰው ውልቅ ይላል። አበል ሲፈረም ግን መቆሚያ የለም።

በመስኮቱ ሐይቁ ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ደንገል (የሐይቁን ቄጠማ) እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ ይታያሉ። ማኅበራዊ ፍትሕ ከተባለ ርዕሱ እነሱ መሆን ነበረባቸው። ድሮ ጉማሬ ይበላሉ ተብለው ማዕድ አብሯቸው የሚቋደስ አልነበረም፤ ያ ንቀት ዛሬም ሙልጭ ብሎ አልጠፋም። ደንገሉም እየተመናመነ ነው። ውስጥ እኛ ስለ እኩልነት በስላይድ እንማራለን!

እርግጥ ድርጅቶቹን ብቻ አልወቅስም። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ከገንዘቡ ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኘውን ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይሠራ ከልክሎ ነበር። በ2011 እስኪሻር ብዙዎቹ አፋቸው ተለጉሞ ነው የቆዩት። አሁን ግን ቀጣዩን ውይይት እዚያው ደንገሉ ላይ ቢያደርጉትስ?

ባለፈው ስወጣ አንድ ታንኳ ሠሪ አባት ገመዱን በጥርሳቸው ይዘው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ዛሬም ስብሰባ ነው?» አሉኝ።