ለእናት አባትም የሚመች የጎንደር ጉብኝት

ስለ ጎንደር ጉብኝት ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ የነገሥታቱን ቤተ መንግሥት ፋሲል ግቢን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንንና የፋሲል መዋኛን በአንድ ጠዋት ጨርሱ ይላል። ለወጣት ይሆን ይሆናል። አዛውንት ወይም ሕፃን ይዞ ለሚመጣ ግን አይሆንም። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ላልለመዳት ትንፋሽ ታሳጥራለች። የግቢው የድንጋይ ደረጃም ጉልበት ለሚያመው ሰው በጣም ይከብዳል። እናንተ ፎቅ ስትወጡ እናት አባት ሣሩ ላይ ጥላ ፈልገው አረፍ ይበሉ። ቤተ መንግሥቱ እንደሆነ ከታችም ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ምንም አይቀርባቸውም! ሥላሴን ለከሰዓት አቆዩት። በባጃጅ ሂዱ፣ ቶሎ የሚወልቅ ጫማ ይደረግ። ጣሪያው ላይ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ሳይጣደፉ ቀና ብለው ይዩ። ለጥምቀት የምትመጡ ደግሞ፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰው ካላችሁ ሕዝቡ ሳይሞላ በሌሊት መዋኛው ጋ ቦታ ያዙለት።