ቀለብ ለወታደሩ በሰዓቱ፣ ለልጁ በመጥሪያ

«ግዳጅ ላይ ያለን ወታደር በቀለብ ክስ ማሳደድ ሞራሉን መግደል ነው።» ይህን ያሉት ባለፈው ሳምንት ስለ ፍቺና ስለ ልጆች ቀለብ በተደረገ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ አንድ ጡረተኛ መኮንን ናቸው። አዘጋጁ ዝም ሲላቸው ልብ ልብ አላቸውና ጨመሩበት፤ «ደግሞስ ቀለቡን ልጁ መች ይበላዋል? እናትየዋ ፀጉሯን ትሠራበታለች።»

ከፀጉሩ ልጀምር። ጎረቤቴ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ የተፋታችው ባሏ ወታደር ነው። በ2013 ዓ.ም. ፍርድ ቤቱ ለልጆቹ በወር 1,500 ብር ወሰነላት። ያኔ ኪሎ ጤፍ ሃምሳ ብር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ብር በላይ ነው። ውሳኔው ግን እዚያው 1,500 ላይ ተተክሎ ቀርቷል፤ ይጨመርልኝ ካለች እንደገና ማመልከቻ፣ እንደገና መጥሪያ፣ እንደገና ቀጠሮ። ገንዘቡ ለሁለት ልጆች ሲካፈል ለአንዱ በቀን 25 ብር ይደርሰዋል። በ25 ብር ፀጉር የሚሠራ ቤት ካለ መኮንኑ አድራሻውን ይንገሩንና እኛም እንሂድ።

ያውም ገንዘቡ ሲመጣ ነው። ውሳኔው በግድ እንዲፈጸም የአፈጻጸም ፋይል ከፍታ ደመወዙ እንዲቆረጥ ትእዛዝ ተጻፈላት፤ ደብዳቤው ሲደርስ ሰውየው ከክፍሉ ተዛውሯል። ሁለተኛው ደብዳቤም ተከትሎት ሄዶ አልደረሰበትም። በመጨረሻ «አሁን ያለበትን ክፍል አጣርተሽ ነይ» ተባለች። አገር የሚጠብቅ ሠራዊት የት እንዳለ አጣርታ እንድትመጣ የታዘዘችው እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ናት! ወረቀቶቿን በቢጫ ፌስታል ጠቅልላ ከፍራሹ ሥር ነው የምታስቀምጠው፤ ታናሹ ልጅ አንዱን መዝገብ ሥዕል ሥሎበታል።

ለነገሩ ቀለብ የሚለውን ቃል ከወታደር በላይ የሚያውቀው ማን አለ? በድሮው ሥርዓት ቀለብተኛ ይባል የነበረው ወታደር ነበር። ዛሬም ቢሆን የጦሩ ስንቅ አንድ ቀን ቢዘገይ የሚጠየቅ አዛዥ አለ። ቁርሱን ለማግኘት የአፈጻጸም ፋይል የሚከፍት ወታደር አላየሁም። ምግቡ ከደመወዙም፣ ከፈቃዱም፣ ከጠባዩም ጋር ሳይያያዝ ይቀርብለታል፤ መቅረቡም ተገቢ ነው። ልጁ ሲሆን ነው ቀለብ ሞራል የሚገድለው?

እኔ ራሴ የወታደር ልጅ ነኝ። በደርግ ጊዜ አባቴ ኤርትራ ግንባር ሳለ እናቴ በየወሩ ተቆራጭ ትቀበል ነበር። ኮምፒውተር የለ፣ ሞባይል የለ፤ አባቴ ያለበት ቦታ ለእኛም ምስጢር ነበር። የወር ደመወዙ ሲሠራ ግን የእኛ ድርሻ አስቀድሞ ተነሥቶ ይቀመጥ ነበር። እናቴ ነጠላዋን ደርባ ትሄዳለች፣ ትፈርማለች፣ መልስ ላይ ለእኔ ከረሜላ ትገዛለች። አባቴ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሳይጽፍ የቀረበት ጊዜ ነበር፤ ተቆራጩ ግን አልቀረም። ስለዚህ «በወታደር ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም» የሚለኝ ሰው የሚዋሸው ለእኔ ብቻ ሳይሆን ለገዛ ተቋሙ ታሪክ ጭምር ነው። በእስክሪብቶና በካርቦን ወረቀት የተቻለ ነገር ደመወዝ በባንክ በሚገባበት ዘመን እንዴት ያቅታል? ከወታደሩ ደመወዝ ለጡረታ 7 በመቶ ሲቆረጥ መጥሪያ የሚያደርስለት የለም። ግብሩም እንዲሁ። የመንግሥት ድርሻ ሰውየውን በየትኛውም ምሽግ ያገኘዋል፤ የልጁ ድርሻ ብቻ ነው አድራሻ የሚጠፋበት።

ሕጉማ አለ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ በጠያቂው ችግርና በከፋዩ አቅም ይመዘናል ይላል፤ ግዳጅ ላይ ያለ አባት ከቀለብ ነፃ ይሁን የሚል አንቀጽ የለበትም። በሲቪሉ በኩልም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሠራተኛ ደመወዝ መቁረጥ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ እንዳይበልጥ ወስኗል። ለወታደሩም ቀለቡ በድፍን ብር መወሰኑ ቀርቶ ከደመወዙ ይህን ያህል እጅ ተብሎ ይወሰን። ደመወዙ ሲያድግ የልጁም ያድጋል፤ ሰውየው ሲዛወር ትእዛዙ ከደመወዝ ማኅደሩ ጋር ይዛወራል። እናትየዋም ክፍለ ጦር ፍለጋ አትሄድም።

የወታደር ደመወዝ ትንሽ ነው ለሚለኝ፣ እውነት ነው፣ ትንሽ ነው። ከትንሽ ላይ ለልጁም ትንሽ ይነሣለት።

በዚያው ውይይት አንዲት አድማጭ ደውላ «እናትየዋ ወታደር ብትሆንስ?» ብላ ጠየቀች። መኮንኑ ለአፍታም አላመነቱም፤ «ያኔማ ልጁ ለአባቱ ይሰጥ፤ ግዳጅ ላይ ያለች ሴት እንዴት ልጅ ታሳድጋለች?» አሉ። አባት ሲዘምት ግዳጁ ከቀለብ ነፃ ያወጣዋል፤ እናት ስትዘምት ግዳጇ ልጇን ያስነጥቃታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳን፣ ያን ያህል ያረጀው፣ ከባድ ምክንያት ካልኖረ በቀር ልጅ እስከ አምስት ዓመቱ ከእናቱ ጋር ይኑር ይል ነበር። አዲሱ የቤተሰብ ሕግ ያንን ትቶ የሁለቱን ወላጆች ገቢ፣ ጤናና ኑሮ፣ የልጁንም ዕድሜና ጥቅም አይቶ ዳኛው ይወስን አለ። መለዮ የለበሰውን ጾታ አይቶ ይወስን አላለም።

አዘጋጁ መኮንኑን በድጋሚ እንደሚጋብዛቸው ተናግሯል። እንግዲያው አንድ ጥያቄ ያንሣልኝ፤ በአገልግሎት ዘመንዎ በእጅዎ የፈረሙት የቤተሰብ ተቆራጭ ወረቀት ስንት ይሆናል?