የሽንኩርት ቅርጫ

በሰፈራችን ሱቅ ግድግዳ ላይ «ዱቤ የለም» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ከወረቀቱ ሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ደግሞ አሥራ ሰባት የዱቤ ደብተሮች አሉ። አንዱ የእኛ ነበር፤ ባለ 50 ሉክ፣ ሽፋኑ በዘይት የወዛ፣ ከፊቱ ላይ «የመምህሩ ቤት» የሚል የተጻፈበት።

መምህሩ ባለቤቴ ነው። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። በየወሩ መጨረሻ የመሥሪያ ቤት ሒሳብ እዘጋለሁ፤ የሁለት ብር ጉድለት ካየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። የገዛ ቤቴን የዱቤ ደብተር ግን ለአራት ዓመት አንድም ቀን ራሴ ደምሬው አላውቅም ነበር። ደመወዝ ሲወጣ ባለሱቁ የደመረውን እከፍላለሁ፤ ካልሞላልኝ የተወሰነውን ሰጥቼ ቀሪው ወደሚቀጥለው ገጽ ይሻገራል። ወሩ በገባ በስምንተኛው ቀን ቦርሳዬ ባዶ ነው፤ ልጄን «ሂጂና አስጽፈሽ አምጪ» እላታለሁ። እንዲህ እያልን አራት ዓመት በላን።

ኅዳር 2017 ላይ አንድ ምሽት ቁጭ ብዬ ደመርኩት። የወሩ አስቤዛ 9,400 ብር፣ ከቀደሙት ወራት እየተንከባለለ የመጣው 4,800 ብር፣ በጠቅላላው 14,200 ብር። ጤፍ በዚህ ውስጥ የለም። ይበልጥ ያስደነገጠኝ ግን በማግሥቱ ያደረግኩት ነው። የወሩን ዝርዝር በሌላ ወረቀት ገለበጥኩና እሑድ ገበያ ይዤው ሄድኩ፤ እዚያ ያጣሁትን ከጅምላ መሸጫ ጠየቅሁ። ያንኑ ዕቃ፣ በዚያው መጠን፣ ከፈል ከፈል ሳላደርግ እጅ በእጅ ብገዛው ኖሮ 7,700 ብር ይበቃኝ ነበር። ልዩነቱ 1,700 ብር ነው፤ በየወሩ።

ባለሱቁን አልወቅሰውም። ወለድ አይጠይቅም፤ ልጄ ታምማ ሌሊት ሲያንኳኩበት ተነስቶ በር ከፍቷል። ግን የእርሱ ገንዘብ ለሠላሳ ቀን እኛ ሆድ ውስጥ ሲቀመጥ የጅምላ ነጋዴው እርሱን አይጠብቀውም። ስለዚህ በየዕቃው ላይ ሁለትም ሦስትም ብር ጣል ያደርጋል። ከጭማሪው የሚከፋው ደግሞ ባለዕዳ ዋጋ አለመከራከሩ ነው። ሽንኩርቱ ግማሹ የበሰበሰ ቢሆን፣ ሚዛኑ ቢያጠራጥር፣ ዝም ነው። ሌላ ሱቅ ሄዶ መግዛትም ያሳፍራል፤ የእርሱ ዕዳ ሳይከፈል የሌላ ሱቅ ፌስታል አንጠልጥሎ በደጁ ማለፍ እንዴት ይሆናል? እኔ አንድ ጊዜ ዘይት ከሌላ ቦታ ገዝቼ ሁለት መንደር ዞሬ ቤቴ ገብቻለሁ። በአርባ ዓመቴ፣ በገዛ ገንዘቤ በገዛሁት ዘይት፣ እንደ ሌባ።

«አስቤዛ ቀንሱ፣ ዕዳ ክፈሉ፣ ቆጥቡ» የሚለውን ምክር ሁላችንም ሰምተነዋል። መካሪዎቹ ሥጋ ቀንሱ፣ ማኪያቶ ተዉ፣ የታሸገ ምግብ አትግዙ ይላሉ። ይህን ምክር ለማን እንደሚሰጡት ይገርመኛል። እኛ ቤት ሥጋ የሚታየው በበዓል ነው። ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን፤ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ የነቢያት ጾም አለ፤ ፍልሰታ አለ። በጾም ካልተቆጠበ በምን ይቆጠባል? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሲወጣ፣ ከውጭ የሚገባውን ዘይት ማንም ሳይመክረን ቀነስን። ወጡ ቀጠነ። የሀገሪቱ የዋጋ ግሽበት በሚሰላበት ቀመር ምግብ ብቻውን ከግማሽ በላይ ድርሻ አለው፤ በእኛ ዓይነቱ ቤት ከዚያም ይበልጣል። ከሳህኑ ላይ የሚቀነስ ነገር አልቋል። ስለዚህ እኔ የምለው ሌላ ነው፤ ምግቡን ሳይሆን የምንገዛበትን መንገድ ነው መቀየር ያለብን። ውድ የምንበላው ብዙ ስለምንበላ አይደለም። በጥቂት በጥቂቱ፣ በዱቤ፣ በተሳሳተው ወር ስለምንገዛ ነው።

በጥቂት በጥቂቱ መግዛት ምን ያህል እንደሚያስወጣ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከጉልት ሽንኩርት በመደብ ይገዛል፤ አራት ራስ፣ አንዱ ሁልጊዜ ሚጢጢ። ዘይት በግማሽ ሊትር የውኃ ፕላስቲክ ተቀድቶ ይሸጣል። በርበሬ በትንሽ ፌስታል ተቋጥሮ፣ ቡና ለአንድ ማፍያ ያህል ተመጥኖ፣ ከሰል በጣሳ። እነዚህን ሁሉ በኪሎና በጆንያ ቢያሰሏቸው ቱጃሩ ከሚገዛበት ዋጋ በላይ ይመጣሉ። ቱጃሩ ከሰል በጆንያ ያስጭናል። ድሃው በጣሳ እየገዛ በወሩ መጨረሻ የጆንያውን ዋጋ አልፎት ይገኛል፤ ጆንያውን ግን አያገኘውም። ይህን ሁሉም ሴት ታውቃለች። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ታውቀዋለች። የሚጎድለው ዕውቀት ሳይሆን አንድ ላይ የሚመጣ ገንዘብ ነው።

አንድ ላይ የሚመጣ ገንዘብ ደግሞ ከየት ይመጣል? እዚህ ላይ አያቶቻችን የተዉልን መልስ ከየትኛውም መካሪ የተሻለ ሆኖ አገኘሁት፤ ዕቁብ። ታኅሣሥ ላይ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ጋር አሥራ ሁለት ሆነን በወር 1,500 ብር ጣልን። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የከፈልነው ባለቤቴ ማታ ማታ ተማሪ እያስጠና በሚያገኘው ነው። በሦስተኛው ዕጣ፣ የካቲት ላይ፣ ወጣልኝ፤ 18,000 ብር።

በዚህ ገንዘብ ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። ባለቤቴ «ምርት ገብቷል፤ ጤፍ እንግዛበት፤ ዕዳውን ቀስ እያልን እንከፍላለን» አለ። ሒሳቡ ስህተት አልነበረውም። ጤፍ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ነው ረከስ የሚለው፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚሆነውን ሁሉም ያውቃል። እኔ ግን ደብተሩ መጀመሪያ ይዘጋ አልኩ። ዕዳው እያለ የምንገዛው ጤፍ ዘይቱንና ሽንኩርቱን አያረክስልንም፤ ልጄም በወሩ ስምንተኛ ቀን ወደ መሳቢያው መሄዷን አትተውም። ደብተሩን ዘጋን። በተረፈው 3,800 ብር ላይ ባለቤቴ ተማሪ ያስጠናበትን ጨምረን ግማሽ ኩንታል ሰርገኛ ገዛን፤ ማኛ ያማረው ማኛ ይግዛ። ከዚያ ወር ጀምሮ በዱቤ ይባክን የነበረው 1,700 ብር የዕቁቡን 1,500 ብር ይከፍልልኝ ጀመር። ደመወዛችን አልጨመረም፤ ሳህናችንም አልጎደለም።

ባለሱቁ የመጨረሻውን ሒሳብ ተቀብሎ ደብተሩን ሲመልስልኝ ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?» አለኝ። ተቀይሜ የሄድኩ መስሎታል። ዱቤ ዕዳ ብቻ እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። መተማመን ነው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ የሚያንኳኩት በር ነው። እስከ ዛሬ ጨውና ክብሪት ሆን ብዬ ከእርሱ እገዛለሁ፤ እጅ በእጅ።

ቅርጫውን ያመጣችው ጎረቤቴ ናት። ለፋሲካ በሬ ለመግዛት ሰው ሲፈለግ ሰማችና «በሬ በቅርጫ እንገዛለን፤ ሽንኩርት በቅርጫ የማንገዛው ምን ከልክሎን ነው?» አለች። በእርግጥ ምን ከለከለን? አራት ቤተሰብ ሆነን በየሁለት ሳምንቱ በተራ አንድ ሰው ገበያ እንልካለን፤ ሽንኩርትና ድንች በጆንያ፣ ዘይት በካርቶን፣ ምስር በብዛት ይገዛና ግቢ ውስጥ በሚዛን እንካፈላለን። የመጀመሪያው ጆንያ አዋርዶናል። ክረምት ነበር፤ እርጥብ ሽንኩርት ከነጆንያው ጥግ ላይ አስቀመጥነውና በሳምንቱ ሩቡ ሸተተ። አሁን እንደ ደረሰ ወለል ላይ ተዘርግቶ ይነፍሳል፤ ለአራት ቤት ሲከፋፈል ደግሞ ሳይበላሽ ያልቃል። ስለ ሚዛኑ ሁለት ጊዜ ተኳርፈናል። ይህንንም ልደብቅ አልፈልግም፤ ቅርጫ ያለ ኩርፊያ የት ታይቶ ያውቃል?

ቁጠባውስ? ባንክ አስቀምጡ ለሚሉን አንድ ነገር አለኝ። ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ለዓመታት 7 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት ባንክ የተቀመጠ ብር ዓመቱን ሙሉ ሲከሳ ከረመ ማለት ነው፤ በጥር ተገዝቶ ቤት የተቀመጠ ጤፍ ግን ነሐሴም ላይ ያው ጤፍ ነው። ጤፍ ላይ ነቀዝ እንኳን አይደፍርም፤ ባቄላና ሽምብራ ላይ እንዲህ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያው የቁጠባ ሒሳባችን ጓዳ ውስጥ የቆመው ጆንያ ነው። ሐኪም ቤት ግን ጤፍ አይቀበልም፤ ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ጥሬ ገንዘብ መኖር አለባት። እኛ ከጤፉ ቀጥሎ የአንድ ወር አስቤዛ የሚሆን ብር ባንክ ማስቀመጥን ግብ አድርገናል። ግማሽ መንገድ ደርሰናል፤ መስከረም ላይ የትምህርት ቤት ክፍያና እንቁጣጣሽ ተደራርበው ወደ ኋላ መልሰውናል።

አሁን አሁን ደግሞ ደብተሩ ወደ ስልክ ገብቷል። በ2014 መጨረሻ ቴሌብር «መላ» እና «እንደኪሴ» የሚባሉ አገልግሎቶችን ካመጣ ወዲህ፣ ብድር ከአልጋ ሳይነሱ ይገኛል። ለነጋዴ ጥሩ ነው፤ ጠዋት ተበድሮ ገዝቶ፣ ማታ ሸጦ ይመልሳል። ሽንኩርት ተበድሮ የበላ ግን የሚሸጠው ምን አለው? የሰፈሩ ባለሱቅ ቢያንስ ፊታችንን አይቶ ይታገሣል። ስልክ ይሉኝታ የለውም።

የጻፍኩት ለሁሉም እንደማይሆን አውቃለሁ። በአንዲት ክፍል የተከራየ ሰው ጆንያ የት ያቆማል? ምጣድ እንዳይሰካ የሚከለክል አከራይ ባለበት ጤፍ ገዝቶ ምን ሊያደርገው ነው? እንጀራውን በቁጥር ይገዛል፤ ከእኛ በላይ ይከፍላል። የቀን ሠራተኛ ደግሞ ለወር የሚሆን ዕቁብ ሊጥል አይችልም። እሑድ ገበያና የሸማቾች ማኅበራት ለእነዚህ ሰዎች ነበር መድረስ የነበረባቸው፤ የማኅበሩ ዘይት መጥቷል ሲባል ግን ሥራ ትቶ ተሰልፎ የሚውለው ማን ነው? የቀን ሠራተኛው የአንድ ቀን ደመወዙን ከፍሎ የረከሰ ዘይት አይገዛም።

ደመወዝተኛው ግን መላ አለው፤ በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የቁጠባና ብድር ማኅበር። ገንዘቡ አለ፤ ከደመወዝ ላይ መቁረጡም ተለምዷል። በጥር ለአባላት የጤፍ ብድር ቢሰጥ፣ በጅምላ ተገዝቶ ቢከፋፈልና በስድስት ወር ከደመወዝ ቢቆረጥ፣ ዕጣ መጠበቅም አያስፈልግም። ይህን ሐሳብ ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ አነሳሁት። ሰብሳቢው ሳቁና «እህቴ፣ ለአስቤዛ ብድር መስጠት ደንባችን አይፈቅድም» አሉኝ። ያው ማኅበር ለፋሲካ የበግ መግዣ ያበድረናል። በጉን በሦስት ቀን ጨርሰን እስከ ነሐሴ ስንከፍለው ደንቡ ምንም አላለም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ደግሜ አነሳዋለሁ፤ ደንቡንም ሙሉውን አንብቤው ነው የምገባው። እስከዚያ ግን በዚህ እሑድ ገበያ የመሄድ ተራው የእኔ ነው፤ ጎረቤቴ ደግሞ ነጭ ሽንኩርትም ይጨመርበት እያለች ነው።