ይማርህ ጋሼ

ሐምሌ ማለቂያ ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። አራት ኪሎ እህቴ ቤት ስደርስ በሩን የከፈተልኝ ባሏ ነው። ዓይኑ ቀልቷል፣ እንባው ጉንጩ ላይ ወርዷል፣ እጁ ውስጥ የተጨማደደ ሶፍት ይዟል። ከተያየን አራት ዓመት ሆኖናልና ናፍቆት መስሎኝ አንጀቴ ተላወሰ። እቅፍ አድርጌው "በቃ ጋሼ፣ በቃ፣ ይኸው መጣሁ አይደል" አልኩት።

"ለአንተ መሰለህ እንዴ?" አለኝ። ደጋግሞ አስነጠሰ። "እህትህን ጠይቃት።"

ከሶፋው ሥር አራት ዓይኖች ያዩኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እህቴ የምትኖረው ወደ ግንፍሌ ሲወረድ ካለ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት መኝታ፣ አንድ ሳሎን። ለዓመታት እዚያ ቤት አይጥ የሚባል ታይቶ አይታወቅም። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 መጀመሪያ ደግሞ ካዛንቺስ ከፈረሰ በኋላ ግን አይጥ ደረጃ መውጣት ለመደ። ከሕንፃው ሥር ያለው ባለሱቅ "አይጡም የልማት ተነሺ ነው" ይላል። ምትክ ቦታ የሚሰጠው የለም፣ ራሱ ይፈልጋል። እህቴ መጀመሪያ መርዝ ገዛች። አንዱ በልቶ ሄዶ ቁም ሳጥኑ ጀርባ ሞተ፤ ሬሳው እስኪገኝ ቤቱ ሳምንት ሙሉ ሸተተ። ከዚያ በኋላ "ድመት ነው የሚያዋጣኝ" አለች።

ችግሩ ጋሼ ነው። ድመት ያለበት ክፍል ገብቶ ሩብ ሰዓት ከቆየ ዓይኑ ያብጣል። እሱ "ሳይነስ" ነው የሚለው። አዲስ አበባ ውስጥ ሳይነስ የሌለበት ሰው ካለ አሳዩኝ። የቤተሰቡ ሰው ሁሉ ግን የጋሼ ሳይነስ አራት እግር እንዳለው ያውቃል። እህቴም ታውቃለች። እያወቀች ነው ሥራ የሄደ ዕለት ያመጣቻቸው።

ያገኘቻቸው ከባለሱቁ ነው። እናታቸው ፒያሳ ከፈረሰ አንድ ግቢ የቀረች ናት። ሰዎቹ ዕቃቸውን ጭነው ሲሄዱ እሷ አልሄደችም። ድመት የምትለምደው ቤትን እንጂ ሰውን አይደለም ይባል የለ? ቤቱም ሲፈርስ ቁልቁል ወርዳ ሱቁ ውስጥ ገባች፤ የሳሙና ካርቶን ጀርባም ወለደች። ባለሱቁ እህቴን የጠየቃት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር።

"እትዬ፣ ቤትሽ አይጥ አለ?"

"ሞልቷል።"

"በቃ ውሰጃቸው።"

"አንዷ ትበቃኛለች።"

"አይሆንም። አንዷን ከወሰድሽ ሌላኛው ሌሊቱን ሙሉ ይጮሃል። የምተኛው እዚሁ ቆጡ ላይ ነው፤ ጩኸቱ ለእኔ ነው የሚተርፈኝ።"

ሒሳብ ስትለው "ድመት ይሸጣል እንዴ?" ብሎ ሳቀባት። እሷም ባዶ እጅ ላለመውጣት ሁለት ኪሎ ስኳር ገዛችው። ካርቶኑን በእስክሪብቶ በሳስቶ፣ በሲባጎ አስሮ አስያዛት። ጉዲፈቻው አለቀ።

ይህን ስትነግረኝ የራሴ ታሪክ ትዝ አለኝና ሳቄ መጣ። እኔ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኛም ጋ ሁለት ድመት አለ። የእኛ ቤት ጋሼ ደግሞ ሚስቴ ናት። ልጃችን ሁለት ዓመት ለመነች፣ አለቀሰች፣ አኮረፈች። በመጨረሻ ተሸነፍንና ባለቤት የሌላቸው እንስሳት የሚጠለሉበት አንድ ቦታ ሄድን። ፎርም ሰጡን። ቤቱ የግል ነው የኪራይ? አከራዩ ይፈቅዳል? ለዕረፍት ስትሄዱ ማን ይይዛቸዋል? "ከዚህ በፊት ድመት ነበራችሁ? ምን ሆነች?" የሚለው ጋ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ካዛንቺስ አብሬያት ያደግኳት ድመት ምን ሆነች ልበል? "አንድ ቀን ወጥታ ቀረች" ብዬ ልጽፍ ስል ልጄ እጄን ያዘች። "አባዬ፣ እንደዚህ ካልክ አይሰጡንም።"

ቀጥሎ "በቤታችሁ አለርጂ ያለበት ሰው አለ? ካለ ምን ልታደርጉ አስባችኋል?" ይላል። ሚስቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ አፍንጫዋን እየጠረገች ነው። ምን ይዋሻል!

ከዚያ ቃለ መጠይቅ ሆነ። ሴትዮዋ እህትማማቾቹን እንደማይነጣጥሉ ነገረችን። ግልገል ድመት ብቻዋን ካደገች መንከስና መቧጨር የት ድረስ እንደሆነ የሚያስተምራት እንደማይኖር፣ ሌሊት እንደምትጮህ፣ እንደምትከፋ በትዕግሥት አስረዳችን። ባለሱቁ በአንድ ትንፋሽ ያለውን እሷ ግማሽ ሰዓት ፈጀችበት። ለሁለቱም ከፍለን ወጣን። ተኮላሽተዋል፣ ተከትበዋል፣ ትከሻቸው ላይ ከቆዳቸው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ቺፕ ተቀብሮላቸዋል። አንድ ፎልደር ሙሉ ወረቀት ነው የተሰጠን። እኔ አሜሪካ ስገባ ይህን ያህል ወረቀት አልያዝኩም።

ሚስቴን ወደ ሐኪም ወሰድኳት። ክንዷ ላይ የተለያየ ነገር ጠብ ጠብ አድርጎ በትንሽ መርፌ ጫር ጫር አደረገ። በሩብ ሰዓት ውስጥ የድመቱ ጠብታ ያረፈበት ቦታ ቢንቢ እንደነከሰው አበጠ። ከዚያ እስከዛሬ የማላውቀውን ነገር ነገረን። ጥፋተኛው ፀጉሩ አይደለም። ድመት ምራቋና ቆዳዋ ውስጥ ፌል ዲ 1 የሚባል ፕሮቲን አለ። ቀኑን ሙሉ ራሷን ስትልስ ፀጉሯን ትቀባዋለች። ሲደርቅ ይረግፋል፣ ይተናል፣ መጋረጃ ላይ፣ ሶፋ ላይ፣ ኮታችሁ ላይ ይለጠፋል። ድመቷ ከቤት ከወጣች በኋላም ለወራት አይጠፋም።

እኛ እኮ "የድመት ፀጉር የዋጠ አስም ይይዘዋል" እየተባልን ነው ያደግነው። ጨርሶ ውሸት አይደለም። አለርጂክ ያለበትን አስም ድመት ትቀሰቅስበታለች። ግን በፀጉሩ አይደለም። እህቴ ይህን ስነግራት ትንሽ አሰበችና "ብንላጫቸውስ?" አለች። ብትላጪያቸው ሁለት ራቁታቸውን የሆኑ ድመቶችና አንድ የሚያስነጥስ ባል ነው የሚኖርሽ አልኳት።

የሐኪሙ የመጀመሪያ ምክር "ከመኝታ ቤት አውጡ" ነበር። ከዚያ ምንጣፍ አንሡ፣ አንሶላ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ እጠቡ፣ የአየር ማጣሪያ ግዙ። ለዚህ ምክር ገንዘብ ከፈልኩ። እማዬ የመጀመሪያዋን ምክር በነጻ፣ በነጠላ ጫማ ነበር የምትሰጠው። ድመት መኝታ ቤት ስትገባ ካየች ጫማው ከድመቷ ቀድሞ በር ጋ ይደርሳል።

እዚህ ላይ ነው አንድ ነገር የገባኝ። ጋሼ እህቴን ሳያገባ ካዛንቺስ እኛ ግቢ እሁድ እሁድ ይመጣ ነበር። ቡናው እስከ ሦስተኛ ይጠጣል፣ ከአባዬ ጋር ዳማ ይጫወታል። ድመትም ነበረችን። አንድም ቀን ሲያስነጥስ አላየነውም። ለምን? ድመቷ የማንም ስላልነበረች ነው። አምስት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ የምንጠቀም ነበርን። ጠዋት እኛ ጋ ትበላለች፣ ምሳ ጎረቤታችን እትዬ ጋ፣ ማታ ማድ ቤት ገብታ ምድጃው ጥግ፣ ትኩስ አመድ ላይ ትተኛለች። ማድ ቤቱ ከዋናው ቤት ለብቻው ነው። ጋሼ በረንዳ ላይ፣ እሷ ጣሪያ ላይ። አለርጂው ድሮም ነበረ። መሃላቸው ግን ግቢ ነበረ።

አሁን ግን አራተኛ ፎቅ ነው። ውጭ ዝናብ ስለሚዘንብ መስኮቱ ዝግ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ተዘርግቷል። ሁለት ድመት፣ አራት ሰው፣ አንድ ማድረቂያ ገመድ። ቁርጥ የእኔን የሲልቨር ስፕሪንግ አፓርታማ! ልዩነቱ እኔ አፓርታማውን ያገኘሁት ከማጣሪያው፣ ከሐኪሙና ከፎርሙ ጋር ነው። እህቴ የደረሳት አፓርታማው ብቻ ነው። እኛ ዲያስፖራዎች እዚህ መጥተን "አገሩ ውጭ አገር መሰለ" ስንል ብልጭልጩን መንገድ ነው የምናየው። እኔ ዘንድሮ ያየሁት የጋሼን አፍንጫ ነው።

ወደ ድመቶቹ ልመለስ። ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ፤ ቤት ውስጥ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ። የ9 ዓመቷ የእህቴ ልጅ "ድመትም ይጾማል እንዴ?" ብላ ጠየቀች። የመለሰላት የለም። ሽሮ ፈትፍታ ሰጠቻቸው። ሴቷ ሽትት አድርጋ ፊቷን አዞረች። ወንዱ ግን ላፍ አደረገው። ጢሙን እየላሰ ጨምሩልኝ አለ። በዚያው ስሙ ሽሮ ሆኖ ቀረ። እህቱ እንደ ድመት ሁሉ ውሮ ተባለች።

ውሮን ያዳነቻት ሦስተኛ ፎቅ ያለች ሙስሊም ጎረቤታችን ናት። የእነሱ ሥጋ ቤት በጾማችን አይዘጋም። በየሁለት ቀኑ ሳንባ ከትፋ በላስቲክ ይዛ ትመጣለች። "ድመት እኮ ነጃሳ አይደለችም" እያለች ጭኗ ላይ ታስቀምጣታለች። ሳንባው የሚቀቀለው ግን እኛ ምድጃ ላይ ነው። ጋሼ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ነው። ሶፋው ላይ ተኮራምቶ "ጾሜን በሽታ አስገደፉኝ" አለ። የትኛውን በሽታ ማለቱ እንደሆነ አልጠየቅኩትም።

ከ2020 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ አንድ ልዩ የድመት መኖ እንደሚሸጥ ነገርኩት። ከእንቁላል የተገኘ ንጥረ ነገር አለው፤ ድመቷ ስትበላው አፏ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ቀድሞ ይይዘዋል። ጨርሶ ባያጠፋውም ይቀንሰዋል። ጋሼ በጥሞና ሰማኝ። "እንቁላል ለድመት?" አለ። "እንቁላሉን ለእኔ ስጡኝና እያስነጠስኩ ልብላው።"

መድኃኒቱንም ልንገራችሁ። እህቴ ከመምጣቴ በፊት "የአለርጂክ ኪኒን አምጣ" ብላኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ከኮስትኮ 365 ፍሬ ያለው ሴትሪዚን ገዝቼ መጣሁ። በቀን አንድ፣ ለዓመት ልክ ነው። ወሬው በማግስቱ ሕንፃውን አዳረሰ። "ከአሜሪካ የሳይነስ መድኃኒት መጥቷል አሉ" እያሉ ከየፎቁ መጡ። እህቴ ደግሞ እንቢ ማለት አትችልም፤ በሶፍት እየጠቀለለች አሥር አሥር ሰጠች። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ዕቃው ግማሽ ነበር።

ከባለሱቁ ጋር የተነጋገርኩት አንድ ቀን ነው። ፎርሙ አልናፈቀኝም። አንድ ነገር ግን ከዚያ ቆርጬ ባመጣ ደስ ይለኛል፤ ማኮላሸቱን። ድመት ሁለት ወር አርግዛ ትወልዳለች፤ በዓመት ሁለት ሦስቴም ትደግማለች። "ከእነዚህ በፊት የወለደቻቸው የት ደረሱ?" አልኩት። "ሄዱ" አለኝ፤ መደርደሪያውን እያስተካከለ። አልገፋሁበትም። የእኔም ፎርም ላይ ልጽፈው የነበረው መልስ ያው ነበር።

የእንስሳት ሐኪም ቤት ድረስ አስመጣሁ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወጋቸው። ስሙ የውሻ ሆነ እንጂ ድመትንም ይይዛል፣ ከድመት ወደ ሰውም ይተላለፋል። ልጆች ሳለን ውሻ የነከሰው ሰው በሙሉ ወደ ፓስተር ኢንስቲትዩት ይሮጥ ነበር፤ የድመት ጭረት ግን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ለማኮላሸቱ ትንሽ እስኪያድጉ ቀጠሮ ያዝን። ጋሼ ወንዱን በሐዘኔታ አየው። የዚያን ቀን ብቻ ነው ለሽሮ ሲያዝንለት ያየሁት።

ከመሄዴ በፊት ምንጣፉን ጠቅልለን አልጋ ሥር ከተትነው። የመኝታ ቤቱ በር ይዘጋል፤ ዝናቡ ሲያባራ መስኮቱ ይከፈታል። ጋሼ ቀዩ ዓይኑ ነጣ፤ ማስነጠሱ ግን ጨርሶ አልተወውም።

መስከረም ላይ ደወልኩ። ልጅቷ የውጩን በር መዝጋት ስለማትችልበት ድመቶቹ ደረጃውን ለምደውታል አለችኝ እህቴ። ጠዋት አራተኛ ፎቅ ይበላሉ፣ ምሳ ሦስተኛ ፎቅ። የመንገዱ ሥራ ላይ የተቆለለው አሸዋ ሽንት ቤታቸው ሆኗል፤ ሠራተኞቹ በአካፋ እያባረሯቸው ነው። ማታ ዘበኛው ክፍል ከሰሉ ጥግ ያድራሉ። ዘበኛው ጡረታ የወጣ ወታደር ነው፤ ውሮን "ሻምበል" ነው የሚላት። የአይጡን ነገር ስጠይቃት "የምን አይጥ?" አለችኝ።

ልጄ ከጎኔ ሆና ትሰማ ነበር። "ታዲያ ቺፑ ላይ የማን ስም ነው የሚጻፈው?" አለችኝ። ለእህቴ አስተላለፍኩላት። ከት ብላ ሳቀች።

"አሁን የት ናቸው?" አልኳት።

"እኔ እንጃ። ሦስተኛ ፎቅ ይሆናሉ።"

ከኋላዋ ጋሼ ሲያስነጥስ ሰማሁት።

"ይማርህ ጋሼ!" አልኩ፣ እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ።

"ያኑርህ!" አለ ከሩቅ። "የዛሬው እንኳ የእነሱ አይደለም። እጣኑ ነው።"