አልጠፉም፣ ቤት ቀይረው ነው

በቅርቡ አንድ የምእመናን መዝገብ ሳገላብጥ ነበር። የአድራሻው ዓምድ ስርዝ ድልዝ ነው። አንዲት እናት ሦስት ጊዜ ሰፈር ቀይረዋል። ሦስተኛውም ተሰርዞ የቀረው ስልክ ቁጥራቸው ብቻ ነው። እሱም አይሠራም።

ስለ ትልቅ ከተማ አገልግሎት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው የአዳራሽ ጥበት፣ የድምፅ መሣሪያ፣ ሶሻል ሚዲያ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ፈተና ያ መዝገብ ውስጥ ያለው ነው። ኪራይ ይጨምራል፣ ሰፈር ይፈርሳል፣ ሰው ወደ ዳር ይገፋል። እኛ ሕንፃው ጋ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ለመምጣት ሁለት አውቶቡስ መያዝ ያለበት ሰው መጀመሪያ ከማክሰኞው ጸሎት ይቀራል። ቀጥሎ ከመዘምራን ልምምድ። ከዚያ በወር አንዴ እሁድ ብቅ ይላል። በመጨረሻ "ጠፋ" ይባላል። አልጠፋም እኮ፣ ቤት ነው የቀየረው!

ሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 18 ላይ አቂላና ጵርስቅላ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። የሮሙ ቄሣር ቀላውዴዎስ አይሁድ ከሮም እንዲወጡ ሲያዝ ቆሮንቶስ መጡ። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበር። ጳውሎስም ያው ሙያ ስለነበረው እነሱ ቤት ተቀምጦ አብሯቸው ሠራ። ባልና ሚስቱ ከዚያ ወደ ኤፌሶን ሄዱ፣ ኋላም ሮም ተመልሰው እናገኛቸዋለን። 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥19 ላይም ሆነ ሮሜ 16፥5 ላይ፣ ሰላምታው በቤታቸው የምትሰበሰበውን ቤተ ክርስቲያን ያነሳል። ከተማ በቀየሩ ቁጥር ጉባኤው ከጓዛቸው ጋር ሄዷል ማለት ነው።

እኛስ ጓዙን ጭኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ምን እንሰጠዋለን? ጸልየን እንሸኘዋለን፣ አለቀ። በአዲሱ ሰፈር የቤት ኅብረት እንዲጀምር ለምን አንልከውም? ወይም እዚያ አጠገቡ ላለች ቤተ ክርስቲያን በስሙ፣ በስልኩ፣ በአደራ ለምን አናስረክበውም? ይሄ ለመጋቢ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ያሳደጉትን ሰው ለሌላ መስጠት ያማል፣ የአባላት ቁጥርም ይቀንሳል። ሆኖም በጉ ሜዳ ላይ ከሚቀር ቁጥራችን ቢቀንስ ይሻላል። በፈረቃ የሚሠሩትም እንዲሁ ናቸው። እሁድ ጠዋት ሥራ ላይ ላለች ነርስ የሐሙስ ማታ ጉባኤ ቢኖር ምን ይጎድላል?

የእኚያን እናት አዲስ ስልክ ያገኘሁት ከድሮ ጎረቤታቸው ነው። ስደውልላቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ የማክሰኞው ጸሎት አሁንም መኖሩን ነው።